ጥያቄና መልስ፦ ስደተኞችና ነባር ነዋሪዎች በምን ይቀራረባሉ?

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ናቸው። ስደተኞችንና በአካባቢው ቀድመው የሚኖሩ ሰዎችን የሚያቀራርቡ ማኅበራዊ ተግባራት እንዴት ይታቀዱ፣ ማን ይምራቸው፣ ምን ያህል ውጤትስ ይጠበቅባቸው የሚሉ ናቸው። ከጠያቂዎቻችን መካከል አስተባባሪዎች፣ ነባር ነዋሪዎችና ራሳቸው ስደተኞች የሆኑ ይገኙበታል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ስምና አድራሻም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የአካባቢያችን ኮሚቴ አባል ነኝ። ባለፈው ዓመት ስደተኞችና ነባር ነዋሪዎች እንዲተዋወቁ በማሰብ ትልቅ የባህል ቀን አዘጋጅተን ነበር። ሙዚቃው፣ ምግቡ፣ ንግግሩ ሁሉ ተሟልቶ ሕዝቡም በብዛት ወጣ። ነገር ግን ስደተኞቹ በአንድ ወገን፣ የአካባቢው ሰዎች በሌላው ወገን ተቀምጠው ዋሉና እንደመጡ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህም በመንገድ ሲተላለፉ ሰላምታ የሚለዋወጡት ጥቂቶች ናቸው። ብዙ ደክመንበታልና የጎደለውን ብትነግሩን።

መልስ፦ በቅድሚያ ድካማችሁ ከንቱ እንዳልነበረ ይወቁልን፤ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሜዳ ላይ ማዋል በራሱ በብዙ ቦታ የማይሞከር ነገር ነው። የጎደለው አንዱ ሌላውን የሚፈልግበት ምክንያት ይመስለናል። በባህል ቀን አንዱ ያሳያል፣ ሌላው ይመለከታል፤ ተመልካቹ ከሚያየው ሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጥ፣ ስሙንም ሳይጠይቅ፣ አጨብጭቦ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። ያለ አንዳች የጋራ ጉዳይ የተገናኙ ሰዎች ደግሞ ከሚያውቁት ሰው አጠገብ መቀመጣቸው የጥላቻ ምልክት ሳይሆን ማንም የሚያደርገው ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባቀረበው ሐሳብ፣ በተለያዩ ቡድኖች መካከል የሚደረግ ግንኙነት ጭፍን ጥላቻን በተሻለ የሚቀንሰው አራት ሁኔታዎች ሲሟሉለት ነው። እነርሱም የሚገናኙት ሰዎች በዚያ ግንኙነት ውስጥ እኩል ስፍራ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲይዙ፣ ወደ ግቡ የሚሄዱት በመፎካከር ሳይሆን በመተጋገዝ ሲሆን፣ በተጨማሪም ሕግ፣ ባለሥልጣን ወይም የተከበረ ልማድ ግንኙነቱን ሲደግፍላቸው ነው። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ባደረጉት ሥራ ከ500 በላይ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ ግንኙነት በአብዛኛው ጭፍን ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ አራቱ ሁኔታዎች ባይሟሉም ጥቅሙ ፈጽሞ እንደማይጠፋ፣ ሲሟሉ ግን ውጤቱ እንደሚጎላ አሳይተዋል።

የእናንተን የባህል ቀን በእነዚህ አራት ነጥቦች ብንመዝነው የባለሥልጣን ድጋፍ እንደነበረው እንገምታለን፤ የጋራ ግብና ትብብር ግን አልነበረውም፤ አስተናጋጅና እንግዳ ተብለው የተለዩ ሰዎችም እኩል ስፍራ ነበራቸው ለማለት ያስቸግራል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ዕቅድ ስትጀምሩ «ምን እናሳያቸው?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ሁለቱንም ወገኖች ዛሬ የሚያስቸግራቸው ምንድን ነው?» ከሚለው ብትነሡ ይሻላል። በዝናብ ጊዜ መንገዱን የሚዘጋው የውኃ መውረጃ፣ አጥር የሌለው ትምህርት ቤት፣ መብራት ያጣ መተላለፊያ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚውሉበት ቦታ የሌላቸው ልጆች፣ እነዚህ ሁሉ ለስደተኛውም ለነባሩም የሚቆረቁሩ ጉዳዮች ናቸው። ከእነዚህ አንዱን፣ ያውም በጥቂት ወራት ውስጥ ውጤቱ በዓይን የሚታየውን ምረጡ። ሰዎቹን ከአሥር ባልበለጡ አነስተኛ ቡድኖች ስትመድቡ እያንዳንዱ ቡድን ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ ይሁን፤ ቀኑና ሰዓቱም ሳይዛነፍ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይቀጥል። አንድን ሰው ደጋግሞ ማግኘት፣ ሲቀር «ምነው ቀረ?» ብሎ መጠየቅ፣ መሣሪያ መዋዋስ፣ እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ከአንድ ቀን ንግግር የበለጠ ሥራ እንደሚሠሩ እናምናለን።

የባህል ቀኑንም አትተዉት። ጊዜውን ብቻ ወደ ሥራው ፍጻሜ አዛውሩት፤ ያን ጊዜ የሚሰበሰቡት ሰዎች አብረው የሠሩትን ነገር የሚያከብሩ ይሆናሉና አቀማመጣቸው ራሱ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ወጣቶችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። የስደተኛ ልጆችና የአካባቢው ልጆች እርስ በርስ የሚጋጠሙበት ውድድር ለማዘጋጀት አስቤያለሁ። ስፖርት ሰውን ያቀራርባል ሲባል እሰማለሁ፤ በሜዳ ላይ ጠብ ሲነሣም አያለሁ። የትኛው ነው እውነቱ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው የቡድኑ አደረጃጀት ነው። እርስዎ ያሰቡት የስደተኞች ቡድን ከነባሮች ቡድን ጋር የሚጋጠምበት ውድድር ከሆነ፣ እባክዎ ይህን ሐሳብ ይለውጡ። እንዲህ ዓይነቱ ግጥሚያ ቀድሞ የነበረውን መለያየት ማልያ አልብሶ አደባባይ ያወጣዋል፤ የዳኛ አንድ ውሳኔ፣ የአንድ ልጅ ጉዳት፣ የሁለት ወገን ጉዳይ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ወገኖች ተደባልቀው ሲጫወቱ ግን ፉክክሩ ወደ ሌላው ቡድን ይዞራል፣ ትብብሩም በቡድኑ ውስጥ ይቀራል።

ለዚህ በጥንቃቄ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ሳልማ ሙሳ የተባለች ተመራማሪ በሰሜን ኢራቅ፣ ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ቡድን ባደረሰው ጥቃት ለተፈናቀሉ ክርስቲያኖች በተዘጋጀ የእግር ኳስ ሊግ ውስጥ፣ አንዳንዶቹ ቡድኖች በዕጣ ሙስሊም ተጫዋቾች እንዲጨመሩላቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ክርስቲያኖችን ብቻ እንደያዙ እንዲቀጥሉ አደረገች። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በተደባለቁት ቡድኖች የተጫወቱ ክርስቲያኖች ለመልካም ሥነ ምግባር ሽልማት ከሌላ ቡድን የመጣን ሙስሊም ተጫዋች ለመምረጥ፣ ለቀጣዩ ውድድር በተደባለቀ ቡድን ለመመዝገብና ሊጉ ካለቀ ከ6 ወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ለመለማመድ ከሌሎቹ የበለጠ ፈቃደኛ ሆነው ተገኙ። ይሁን እንጂ ከሜዳው ውጭ ላሉት የማያውቋቸው ሙስሊሞች ያላቸው አመለካከትና አካሄድ ያን ያህል አልተለወጠም። እነዚህ ሰዎች በገዛ አገራቸው የተፈናቀሉ እንጂ ድንበር የተሻገሩ ስደተኞች አልነበሩም፤ ነገር ግን ቁስላቸው ገና ትኩስ በነበረ ሰዎች መካከል የተገኘ ውጤት በመሆኑ ለእኛ ጉዳይ የሚሰጠው ትምህርት ትልቅ ነው። ኳሱ የቡድን ጓደኛን ይሰጣል፤ የቡድን ጓደኛው ወላጆች፣ ጎረቤቶችና የገበያ ሰዎች ግን በኳሱ ብቻ አይደረሱም። ስለዚህ የልጆቹን ወላጆች በልምምድ ሰዓት ተራ ገብተው ሜዳውን እንዲጠብቁ፣ ልጆቹን ከጨዋታ ወደ ጨዋታ እንዲያደርሱ፣ መሣሪያውን እንዲይዙ ቢያደርጉ የኳሱ ጥቅም ከመስመሩ ወጥቶ ይሄዳል።

ስለ ጠቡም ጥቂት እንበል። ጠብ ከመነሣቱ በፊት ከሁለቱም ወገን የሚከበሩ ሁለት ሰዎችን ይሰይሙ፤ ደንቡን ልጆቹ ራሳቸው አብረው ያውጡት፤ ጠብ ሲነሣም የተጣሉትን ልጆች እንጂ የመጡበትን ወገን አይቅጡ።

ጥያቄ፦ እኔ ስደተኛ ነኝ። አንድ ማኅበር በየጊዜው በስብሰባ ላይ እንድቆምና የደረሰብኝን እንድናገር ይጋብዘኛል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ስናገር ያለቅሳሉ፤ ፎቶግራፍም ያነሡኛል። በአገሬ ሳለሁ ለብዙ ዓመታት መምህር ነበርኩ፤ ስለ ማስተማር ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። እምቢ ብል ምስጋና ቢስ እንዳልባል እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እምቢ ማለት ይችላሉ። የደረሰብዎ ነገር የእርስዎ ነው፤ ለማን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚነገር የሚወስኑትም እርስዎ ብቻ ነዎት። ፎቶግራፍዎ የት እንደሚወጣ አስቀድሞ የመጠየቅና የመከልከል መብትም አለዎት፤ በተለይ በአገር ቤት የቀሩ ዘመዶች ካሉ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ለጋባዦችዎ «ስለ ጥሪው አመሰግናለሁ፤ ታሪኬን ከመናገር ይልቅ በሙያዬ ብረዳ እመርጣለሁ፤ ልጆችን ማስጠናት እችላለሁ» ብለው በትሕትና ቢነግሯቸው ምስጋና ቢስነት አይሆንም። ደጎች ናቸው ብለዋልና ብዙዎቹ ይህን ቃል በደስታ ይቀበሉታል ብለን እናስባለን፤ እስካሁን ያልጠየቁዎት ስላልታያቸው ሊሆን ይችላል።

ለአስተባባሪዎችም በዚሁ አጋጣሚ በግልጽ የምንለው አለን። ስደተኛ ሁልጊዜ ተናጋሪ፣ ነባር ነዋሪ ሁልጊዜ አድማጭና ረጂ በሆነበት ስፍራ እኩልነት የለም፤ ርኅራኄ ይኖራል፣ ጉርብትና ግን አይበቅልም። በሁለት ሰዎች መካከል አንዱ ዘወትር ሰጪ ሌላው ዘወትር ተቀባይ ሆኖ የቆየ ወዳጅነት ማን አይቷል? ስለዚህ ስደተኞች ሲመዘገቡ የሚጎድላቸው ነገር ብቻ ሳይሆን የሚያውቁት ሙያም ይጠየቅ። አናጢው፣ ነርሷ፣ ልብስ ሰፊው፣ መምህሩ ነባር ነዋሪዎችን የሚረዱበት መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብ። በአስተባባሪ ኮሚቴውም ውስጥ ከስደተኞች የተመረጡ ሰዎች ይግቡ፤ ስንል ስብሰባው ካለቀ በኋላ የሚነገራቸው ሳይሆኑ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል ሲባል ድምፅ የሚሰጡ ይሁኑ ማለታችን ነው።

ይህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞችን ሁኔታ የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 15፣ በአንድ አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ስደተኞች ፖለቲካዊ ባልሆኑና ለትርፍ ባልተቋቋሙ ማኅበራት እንዲሁም በሠራተኛ ማኅበራት ረገድ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ለሌሎች የውጭ ዜጎች ከሚሰጠው ሁሉ የተሻለው አያያዝ እንዲሰጣቸው ይደነግጋል። ፈራሚ አገሮች በዚህ አንቀጽ ላይ ተዓቅቦ፣ ማለትም አንቀጹ በእነርሱ ላይ እንዳይጸና ወይም በከፊል ብቻ እንዲጸና የሚያደርግ መግለጫ፣ ሊያስመዘግቡ ስለሚችሉ፣ የሚኖሩበት አገር ሕግ ምን እንደሚል የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ቢጠይቁ መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ይህን በመጻፌ ክፉ ሰው ተብዬ እንዳልታይ። በአካባቢያችን ስደተኞች ከመጡ ወዲህ ለእነርሱ መጽሐፍ ይመጣል፣ ብርድ ልብስ ይመጣል፣ ሥልጠና ይመጣል። የእኔ ልጆች ከእነርሱ ልጆች የተሻለ ነገር የላቸውም። ክሊኒኩ ተጨናንቋል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል። በዚህ ላይ «ኑ፣ አብራችሁ ዛፍ ትከሉ» ስንባል ይከብደኛል።

መልስ፦ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጥያቄዎም ተገቢ ነው። ነባሩ ነዋሪ የሚሰማውን ቅሬታ ጥላቻ ብሎ መሰየምና ማፈን ቅሬታውን ወደ እውነተኛ ጥላቻ ከሚለውጡ ነገሮች ዋነኛው ነው ብለን እናምናለን። በዓለም ላይ ብዙ ስደተኞችን የሚቀበሉት በአብዛኛው ራሳቸው ያልበለጸጉ አገሮች፣ በእነዚያም አገሮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዋና ከተማው የራቁ ድሃ አካባቢዎች ናቸው። ለአንዱ ድሃ በአደባባይ እየሰጡ ጎረቤቱን ድሃ ማለፍ በሁለቱ መካከል ግድግዳ ማቆም ነው።

ይህ በዓለም አቀፍ ደረጃም ታምኖበታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2018 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ካስቀመጣቸው አራት ዓላማዎች የመጀመሪያው በተቀባይ አገሮች ላይ ያለውን ጫና ማቃለል ነው። በኡጋንዳ ደግሞ ለስደተኞች ተብሎ ከሚመጣው ድጋፍ 30 በመቶው ለተቀባዩ ማኅበረሰብ እንዲውል የሚያዝ አሠራር አለ። አፈጻጸሙ በየቦታው እኩል ነው አንልም፤ መርሑ ግን ትክክል ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ የውኃ ቦኖው ለሁለቱም ክፍት ሆኖ ሲሠራ፣ የስደተኞቹ መምጣት ለነባሩ ነዋሪ ጫናን ብቻ ሳይሆን አገልግሎትንም ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ እርስዎን የመሰሉ ነዋሪዎች ዛፍ ከመትከላቸው በፊት ሊያነሡት የሚገባ ጥያቄ አለ፤ የሚመጣው ሥልጠናና ቁሳቁስ በምን መመዘኛ እንደሚከፋፈል በጽሑፍ እንዲገለጽና ለሁለቱም ወገን በሚገባ ቋንቋ በአደባባይ እንዲለጠፍ ይጠይቁ። ከሁለቱም ወገን የተውጣጡ ሰዎች በክፍፍሉ ላይ ታዛቢ ሆነው ቢቀመጡ ብዙ ሐሜት ይከስማል። «ለእነርሱ በየወሩ ገንዘብ ይሰጣቸዋል» የሚለው ወሬ እውነት ይሁን ሐሰት ሳይጣራ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር የሚያደርሰውን ጉዳት ማንም የጋራ ፕሮግራም አይጠግነውም። ማኅበራዊ ተግባር የክሊኒክ ወረፋን አያሳጥርም፣ የቤት ኪራይንም አያወርድም፤ ይህን ለመሸፈን የሚዘጋጅ ከሆነ ባይዘጋጅ ይሻላል። የክሊኒኩን መጨናነቅ ግን ስደተኛውም እንደ እርስዎ ይቸገርበታልና፣ ተጨማሪ ባለሙያ እንዲመደብ አብራችሁ ፊርማ ብታሰባስቡ፣ ይህ ከዛፍ ተከላ የበለጠ የጋራ ሥራ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን ያሉ ስደተኞች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በራሳቸው ቋንቋ ይሰበሰባሉ። ይህ ከእኛ እንዲርቁ አያደርጋቸውም?

መልስ፦ አያደርጋቸውም። አላስቴር ኤገርና አሊሰን ስትራንግ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት፣ ዛሬም ብዙዎች በሚጠቀሙበት ትንታኔ፣ የስደተኛን ማኅበራዊ ግንኙነት በሦስት ከፍለው ያዩታል፤ ከወገኖቹ ጋር ያለው ትስስር፣ ከሌሎች ማኅበረሰቦች ጋር የሚያገናኘው ድልድይና ከመንግሥት ተቋማት ጋር ያለው ግንኙነት ናቸው። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ኀዘኑን በቋንቋው የሚነግረው ሰው ያለው ስደተኛ ወደ ጎረቤቱ የሚሄድበት አቅም ይኖረዋል። ማኅበራቸውን እንደ አጋር ቁጠሩት፤ የምታዘጋጁትን ነገር አስቀድማችሁ ከመሪዎቹ ጋር ተመካከሩ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለን፤ የማኅበሩ መሪዎች የሁሉም ስደተኞች ድምፅ ላይሆኑ ስለሚችሉ ሴቶችን፣ ወጣቶችንና በመካከላቸው ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑትን ለብቻቸው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቋንቋ መለማመጃና የልብስ ስፌት ክፍል ከፍተናል። የሚመጡት ግን ወንዶችና ያላገቡ ወጣት ሴቶች ናቸው። እናቶቹ፣ ከስደተኞቹም ከነባሮቹም፣ ይመዘገቡና ይቀራሉ። ፍላጎት የላቸውም ማለት ነው?

መልስ፦ መመዝገባቸው ፍላጎት እንዳላቸው ይመሰክራል፤ የሚያስቀራቸውን ነገር መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ማጣት፣ ሰዓቱ ልጆች ከትምህርት ቤት ከሚወጡበት ጋር መጋጨቱ፣ መንገዱ ሲመሽ የሚያስፈራ መሆኑ፣ ወይም ባልና ዘመድ ቦታውን አለማወቁ ነው። ስለዚህ ከክፍሉ አጠገብ፣ እናቶቹ በሚያዩት ቦታ፣ ልጆች የሚቆዩበት ክፍል ክፈቱ፤ የሚጠብቋቸውም ከሁለቱም ወገን የተመረጡ፣ ማንነታቸው በሚገባ የተጣራ ሰዎች ይሁኑ። ሰዓቱን እናቶቹ ራሳቸው ይወስኑት። የመጀመሪያ ስብሰባችሁንም ቤተሰብ ሁሉ መጥቶ ቦታውን በሚያይበት መንገድ አድርጉት።

በቋንቋው በኩል፣ አንዲት ስደተኛና አንዲት ነባር ነዋሪ ጥንድ ሆነው፣ ሰዓቱን ለሁለት ከፍለው አንዷ የሌላዋን ቋንቋ የምትማርበት አሠራር እንድትሞክሩ እንመክራለን። በዚህ ዘዴ ሁለቱም አስተማሪ፣ ሁለቱም ተማሪ ይሆናሉ፤ ተሳስቶ መናገር የሚያሳፍረው ሰው ጎረቤቱም ሲሳሳት ሲሰማ ይደፍራል። ነባሯ ሴት የስደተኛዋን ቋንቋ አቀላጥፋ ላትናገር ትችላለች፤ ሰላምታና የልጆቿን ስም በትክክል መጥራት ከቻለች ግን ብዙ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ የምንሠራው በእርዳታ ድርጅት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በሚቀጥለው ዓመት ያበቃል። የሰዎቹ ግንኙነት አብሮ እንዳያበቃ ምን እናድርግ?

መልስ፦ ገንዘቡ ገና ሳለ ከእናንተ ደመወዝተኞች እጅ የሚወጡትን ኃላፊነቶች ዛሬውኑ ቆጥራችሁ ማስረከብ ጀምሩ። የአዳራሹን ቁልፍ ማን ይይዛል፣ የስልክ ቁጥር ዝርዝሩ በማን እጅ ነው፣ ስብሰባ የሚጠራው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ሁሉ የድርጅቱ ሠራተኛ ከሆነ ድርጅቱ ሲወጣ ሁሉም ይዘጋል። ለእያንዳንዱ ኃላፊነት አንድ ስደተኛና አንድ ነባር ነዋሪ በጥምረት ሰይሙ። ከተግባሮቻችሁም ያለ ገንዘብ ሊቀጥሉ የሚችሉትን ለዩ፤ የቋንቋ ጥንዶች፣ የኳስ ልምምድና የልጆች ጥናት ብዙ ወጪ አይጠይቁም፤ የስፌት ክፍል ካላችሁ ግን ክርና ጨርቅ ስለሚፈልግ ከሚሸጠው ሥራ የተወሰነውን ለቁሳቁስ የሚያስቀር ደንብ ከወዲሁ ያስፈልገዋል።

ለለጋሹ የምትጽፉት ሪፖርት ስንት ሰው እንደተሳተፈ ይጠይቃችሁ ይሆናል። ለራሳችሁ ግን ሌላ ነገር መዝግቡ፤ እናንተ ሳትጠሯቸው የሚገናኙ ሰዎች አሉ ወይ? አንዱ ሲታመም ከሌላው ወገን የጠየቀው አለ ወይ? አለመግባባት ሲነሣ ወደ ፖሊስ ከመሄዳቸው በፊት የሚሄዱበት ሰው አግኝተዋል ወይ? እነዚህን በየሦስት ወሩ ከሁለቱም ወገን ጥቂት ሰዎችን ለየብቻ እያነጋገራችሁ ብትመዘግቡ፣ ገንዘቡ ከማለቁ በፊት የትኛው ተግባር በራሱ እንደቆመ፣ የትኛው ገና ደጋፊ እንደሚፈልግ ታውቃላችሁ፤ የቀረውን ገንዘብም ደጋፊ በሚፈልገው ላይ ታውሉታላችሁ።